የማያጨስ ሰው ላይተር

ጋሽ ዲበኩሉ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አንድም ቀን ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ቤታቸው ውስጥ ግን አምስት ላይተር አለ። አንዱ ጫማ ይመስላል፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ የቧንቧ ራስ። ከጠቅላላው ኮተት መካከል ደግሞ ቁም ነገረኞቹ እነዚህ ላይተሮች ናቸው። መደርደሪያው ላይ ሲያጨበጭቡላት ወገቧን የምትነቀንቅ የፕላስቲክ አበባ አለች፤ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት አለ፤ ሳንቲም ሲያስቀምጡለት ከሳጥኑ ውስጥ እጁን አውጥቶ የሚነጥቅ ድመት አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ አቧራ በጠረጉ ቁጥር «ከነዚህ ለአንዱ እንኳ ሥራ ስጠው» ይሏቸዋል።

ጋሽ ዲበኩሉ አይከራከሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቦምሳ ወረዳ መዝገብ ቤት ሲሠሩ እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር ነበረው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ምክንያት ነበረው። ጡረታ ሲወጡ ምክንያት የሌለው ነገር አማራቸው፣ በቃ። ማንን ይጎዳል?

አምስተኛዋ ላይተር ሽጉጥ ትመስላለች። ሞጆ ላይ መኪና ሲጠብቁ ከአንድ ሱቅ በደረቴ የገዟት ናት። ብረቷ ሳይቀር የእውነት ነው። ቃታዋን ሲስቡት ከአፈሙዟ ጥፍር የምታህል እሳት ብቅ ትላለች፤ ሌላ ሙያ የላትም። ባለፈው እሑድ ሰርግ ቤት ይዘዋት ሄደው የሙሽሮቹን ሻማ ለኩሰውባታል። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ደስ አላቸው፣ ከዚያ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቷትና ረሷት። ያ ኮት ደግሞ የሰርግም የመንገድም ኮታቸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ያንኑ ኮት ለብሰው ወደ አዳማ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልጃቸው ሊዲ አዳማ ነው የምትኖረው፤ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዛላቸዋለች። ከጎናቸው፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ተቀምጣለች። ገና ሲቀመጡ «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አባባ» ብላ እግሯን ሰበሰበችላቸው። ስሟ ጉዲቱ ነው። እህቷ አዳማ ወልዳ ተኝታለች፣ ጉዲቱም ለአራሷ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዛ መሄዷ ነው። ቅቤውና ዱቄቱ በትልቅ ፌስታል ሆኖ እግሯ ሥር ተቀምጧል።

አርቦዬን ሲያልፉ ሙቀቱ በረታ። ጋሽ ዲበኩሉ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ቁልፉን ሲጫኑት ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ማራገቢያ ትሽከረከር ጀመር። ጎንበስ ብለው ወደ ፌስታሉ አዞሯት።

«ቅቤው እንዳይቀልጥብሽ» አሉ።

ጉዲቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አባባ፣ ምን ይሠራል ይሄ?»

«ምንም» አሉ በኩራት።

ከዚያ በኋላ እንደ ቤተሰብ ሆኑ። ቆሎ አካፈለቻቸው፤ የእህቷ ልጅ ሴት መሆኗን፣ ስም ገና እንዳልወጣላት ነገረቻቸው። እሳቸውም ስለ ነጣቂው ድመት አወሩላት። ዴራ እስኪደርሱ መንገዱ አልታወቃቸውም።

ዴራን ካለፉ በኋላ ረዳቱ ከበሩ ዘወር አለና «መታወቂያ አዘጋጁ፣ ወደ ፊት ፍተሻ አለ፣ ሁሉም ይወርዳል» አለ። ሰዉ ለምዶታል፤ ያጉረመረመም የደነገጠም የለም። ጋሽ ዲበኩሉ መታወቂያቸውን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱ። ጣታቸውን ቀዝቃዛ ብረት ነካው።

ክው አሉ። ኮታቸውን ሳብ አድርገው በጨረፍታ አዩ። እሷው ናት።

ላይተር ናት ብለው ቢያሳዩስ? ለማሳየት ግን ማውጣት አለባቸው። እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ሽጉጥ ለሚያወጣ ሰው «ላይተር ነው» የምትለውን ቃል እስኪጨርስ ማን ይታገሠዋል? ጊዜው ሽጉጥ የሚያስቅበት ጊዜ አይደለም። በመስኮት እንዳይጥሏት መስኮቱ በጉዲቱ በኩል ነው። ለረዳቱ እንዳይነግሩት ድምፀ ጎርናና ነው፣ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ በሙሉ ሽጉጥ የሚለውን ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። ዝም ብለው ቢፈተሹስ? ፖሊሱ ደረታቸውን ዳብሶ ሲያገኛት የሚሆነውን አስበው መጨረስ አልቻሉም። ላብ አጠመቃቸው። ጉዲቱ «ሙቀቱ ነው፣ ማራገቢያዋን ያውጧት እንጂ» ብላ አሾፈችባቸው፤ መሳቅ አቃታቸው።

መንገዱ ላይ የተዘረጋው ገመድ ታየ። ተሳፋሪው መነሳት ጀመረ። ጋሽ ዲበኩሉ የጫማቸውን ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብለው ላይተሯን ወለሉ ላይ አስቀመጡና በተረከዛቸው ወደ ወንበሩ ሥር ገፏት። ሹፌሩ የመጨረሻውን ፍሬን ያዘ። ላይተሯ ከወንበሩ ሥር ተንሸራታ ወጣችና ጉዲቱ እግር ሥር ካለው ፌስታል ጋር ተላትማ ቆመች። ጉዲቱ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን መታወቂያ እየፈታች ነበርና አላየችም። እሳቸው አዩ። መያዣዋ ከፌስታሉ እጥፋት መካከል ብቅ ብሏል። እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ከኋላ ያለው ሰው ገፋቸው።

«ውረድ እንጂ ፋዘር» አለ ረዳቱ።

ወረዱ።

ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ተሰለፉ። ጋሽ ዲበኩሉን የፈተሻቸው ወጣት ፖሊስ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶዋን አገኛትና ቁልፏን ተጫነ። ማራገቢያዋ ስትሽከረከር ፈገግ አለ፣ ፊቱንም ትንሽ አናፈሰባት። «ይለፉ አባባ» ብሎ መለሰላቸው። ዳር ወጡ። ይህን የሚያህል ጨዋ ልጅ ኖሯል? አሁን እንኳ ጆሮው ላይ ጠጋ ብለው ቢነግሩት ይገባው ነበር። ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ።

«ይሄ ፌስታል የማን ነው?» አለ ከአውቶቡሱ ውስጥ ሌላ ድምፅ።

«የኔ ነው» አለች ጉዲቱ እጇን አውጥታ። ቅቤ ተከለከለ እንዴ ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

ፖሊሱ በአንድ እጁ ፌስታሉን፣ በሌላው እጁ ሽጉጧን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ወረደ። ከጉዲቱ አጠገብ የነበሩት ሴቶች ሸሹ። ሴቷ ፖሊስ ክንዷን ያዘቻት።

«ማን ሰጠሽ?»

«ምኑን?»

«ይሄን ነዋ።»

«ካን ኮ ሚቲ። የኔ አይደለም፣ ወላሂ የኔ አይደለም።»

መንገዱ ዳር ወዳለችው የቆርቆሮ ጥላ ወሰዷት። ከዚያ ወዲያ ለጋሽ ዲበኩሉ ድምፁ አይሰማቸውም፤ የሚያዩት የጉዲቱን እጆች ብቻ ነው። እጆቿ ይምላሉ፣ ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ፣ ደረቷን ይመታሉ። አሁን ይገባቸዋል፣ ይላሉ ጋሽ ዲበኩሉ ለራሳቸው። አሁን አንዱ ቃታውን ይስባል፣ እሳቷ ብቅ ትላለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ነገሩ ያልቃል። ቃታውን የሳበ ግን የለም። የእውነት ሽጉጥ መስሎት ቃታ የሚስብ ፖሊስ የት አገር አለ? ይህንንም ያውቁታል። ያውቁታል ግን ቆመዋል። አንዲት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ፣ ያችኑ እርምጃ ወደ ኋላ መለሷት።

«ሌላው ሰው ይሳፈር» ተባለ።

አቦምሳ ውስጥ ዝንብ እሽ የማይሉ ሰው የሚባሉት ጋሽ ዲበኩሉ ተሳፈሩ። ተሰልፈው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ መወጣጫውን ይዘው ተሳፈሩ። በጉዲቱ ቦታ ላይ የቆሎ ፍሬ ተንጠባጥቧል።

«በቅቤ ሽፋን ሽጉጥ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ፊቷን አይታችሁ ትጠረጥራላችሁ?» አለች ሌላዋ። «እንዲህ ያሉት ናቸው የሚያስጨርሱን።»

ከፊት ያለው ተሳፋሪ ዞር አለ። «ጋሼ፣ አብራችሁ ስትስቁ አልነበረም እንዴ?»

«አዎ» አሉ።

«እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አውቶቡሱ ገመዱን አለፈ። ጋሽ ዲበኩሉ የሐኪሙ ቀጠሮ ለአራት ሰዓት ተኩል መሆኑን አሰቡ፤ ሊዲ መናኸሪያ ቆማ እንደምትጠብቃቸው አሰቡ፤ ስም ያልወጣላትን ሕፃን አሰቡ።

«ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ሰሙ። የራሳቸው ድምፅ ነበር።

ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሲሄዱ ሁለቱም እጆቻቸው ወደ ላይ ነበሩ፣ ማንም አንሱ ሳይላቸው። ገና ሳይደርሱ «የኔ ናት» አሉ። «ሽጉጥ አይደለችም፣ ላይተር ናት። የኔ ናት።»

«እዚያው ይቁሙ» አለ ከጥላው ሥር ሲጠይቃት የነበረው ሳጅን። አስተያየቱ ጋሽ ዲበኩሉን የሚያክል ሽማግሌ ውሸት ሲናገር ላለማየት የሚመኝ ሰው አስተያየት ነበር። «ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«አላጨስም።»

«ታዲያ ላይተር ምን ያደርግልዎታል?»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ስንት ጊዜ ጠይቀዋቸዋል፤ እስከዛሬ ግን መልስ አላዘጋጁም። «ምንም አታደርግልኝም» አሉ። «ደስ ትለኛለች።»

«ለምን ወንበር ሥር ጣሏት?»

«ፈራሁ።»

«እሷ ስትያዝስ?»

«ያኔም ፈራሁ።»

ሳጅኑ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙሮ፣ ሰዎቹን ገለል አድርጎ፣ ቃታውን ሳበ። ቃ አለ። እሳት የለም። ደግሞ ሳበ። ቃ። ጋሽ ዲበኩሉ እሑድ ዕለት ስንት ሻማ እንደለኮሱ ትዝ አላቸው። ጋዟ አልቆ ከሆነ ማን ያምናቸዋል?

«ትንሽ ወዝወዝ ያድርጓት» አሉ።

ሳጅኑ ወዘወዛት። በሦስተኛው ጥፍር የምታህል ሰማያዊ እሳት ብቅ አለች።

ከዚያ ወጣቱ ፖሊስ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱ ከኪሱ ሲጋራ አውጥቶ ለኮሰባት። ራቅ ብሎ ከቆመው አውቶቡስ መስኮት ሳይቀር ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ዲበኩሉም፣ እግዜር ይይላቸው፣ ያችን እሳት ሲያዩ የሚመጣባቸው ፈገግታ ሊያመልጣቸው ነበር። ከዚያ ጉዲቱን አዩ። ባዶ እግሯን ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዎቿ ለፍተሻ ተፈተው አጠገቧ ወድቀዋል። ቅቤው በእንጨት ተወጋግቷል፣ የገንፎው ዱቄት አቧራው ላይ ፈሷል። እሷ አልሳቀችም።

ሳጅኑ ስማቸውን መዘገበና ላይተሯን አጠገቡ ያለ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። «ይቺ እዚህ ትቀራለች። ሽማግሌ ባይሆኑ እርስዎንም አስቀርዎት ነበር።» ከዚያ ወደ ጉዲቱ ዞረ። «ይቅርታ እህቴ፣ ሥራችን ነው። ሂጂ።»

አውቶቡሱ ሲቀበላቸው ጨዋታው ደራ። «ጋሼ፣ መድፍ የሚመስል ላይተርስ የለዎትም?» ተባሉ። ቀደም ብላ «እንዲህ ያሉት ናቸው» ያለችው ሴት ለጉዲቱ የውሃ ጠርሙስ አቀበለቻት። ጉዲቱ ተቀበለችና ሳትጠጣ ያዘችው። የተቀደደውን ፌስታል አሁን እግሯ ሥር አላስቀመጠችውም፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በክንዷ አቅፋዋለች። ልትቋጥረው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ጋሽ ዲበኩሉ ሊያግዟት እጃቸውን ዘረጉ። ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

አዋሽ መልካሳ ደረሱ። ጉዲቱ ፊት ለፊት እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ንዴት በሌለው ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እዚያ ሲጠይቁኝ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ያዩኝ ነበር?»

«አይሽ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «ከጎንሽ ማን ነበር ብለው ጠየቁኝ» አለች። «ሊጠሩዎት ነበር። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን አታንገላቱብኝ፣ ምንም አያውቁም አልኳቸው።»

ጋሽ ዲበኩሉ አንገታቸውን ደፉ። በሕይወታቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

«እህቴ ሳትጨነቅ አልቀረችም» አለች ጉዲቱ፣ ፊቷንም ወደ መስኮቱ መለሰች።