የጾም መለማመጃ

ደግሰው ጾም ሲይዝ ለጉድ ነው። ፍልሰታን ከአገሩ ጋር ጾመ፤ ደግ። ጳጉሜን ጨመረ፤ ሚስቱ ሸጌ «እሰይ፣ ባሌ ጻድቅ ሊወጣው ነው» አለች። ጽጌን ደገመ። በጾም መኝታ ይለያል መቼም፣ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ውጪኛው መደብ ላይ ብቻውን ይተኛል። ጽጌ በተፈታ ማግስት ሸጌ ዶሮዋን ሠርታ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ብትጠብቀው ሰውዬው በልቶ ሲያበቃ ባናውን አነሣ።

«ደሞ የምን ጾም ነው?»

«የነቢያት ጾም እየመጣ አይደል? መለማመጃ ነው።»

መለማመጃ! ጾም እንደ ወይፈን ይገራል እንዴ? ሸጌ ደሟ ፈላ። ወይ ሌላ ሴት ይዟል፣ ወይ እኔን ጠልቶኛል አለች፤ የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት። ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት መግባት ብቻ ቀራት።

ሲነጋ ነጠላዋን አጣፍታ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወደሚቀድሱት የንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ገሰገሰች። «አባቴ፣ ያፋቱኝ!» ብላ ሁሉን ዘረገፈችላቸው።

መምሬ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «እኔ ቄሱ ፍልሰታ ሲፈታ ወደ ቤቴ በሩጫ ነው የምገባ! እሱ ማን ሆኖ ነው?» አሉና አስጠሩት። «ልጄ፣ ክንፍ አበቀልህ እንዴ?»

ደግሰው መሬት መሬቱን እያየ ፍርጥ አደረገው። «በሐምሌ አንድ ቀን... አልሆነልኝም አባቴ። ሌላ ቀንም ሞከርሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድ አይደለም ትለኛለች ብዬ በጾም ተሸሸግሁ።»

«እኔ እኮ እርሻው አድክሞህ መስሎኝ!» ሸጌ አፏን በነጠላዋ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። ፊቱ ሲጠቁር ክንዱን ለቀም አደረገችው። «አንተ የማትረባ! ጠላኝ ብዬ ቆሜ ስሞት ከረምሁ! ይሄ በሽታ ነው፣ በሽታ ደግሞ ይታከማል!» እንዲህ ደስ ብሏትም አያውቅ።

«ቀኖናህን ስማ» አሉ መምሬ። «ጾምም ስግደትም አይደለም። ነገ ከሚስትህ ጋር ላሊበላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ።»

ሄዱ። ሲስተር ፀደይ መርምራ ስኳር አለብህ አለችው፤ መድኃኒትና ቀጠሮም ሰጠችው። «የብዙ ወንድ ችግር ነው፣ አትፈር። ግማሹ ስኳሩ፣ ግማሹ ፍርሃትህ ነው። መድኃኒቱ እስኪሠራ አትሽሻት፤ አብራችሁ ተኙ፣ ተጫወቱ።»

መንገዱን ሁሉ እንደ ሙሽሮች ሲጎነታተሉ ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ግን የደግሰው ዓይን ወደ መደቡ ሄደ፣ የሸጌም ልብ ፈራ። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ዛሬም ባናውን ካነሣ ምን ይውጠኛል?

አመሻሽ ላይ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደግሰው እጅጌውን ሰብስቦ ያን ባና በሳሙና ሲያሸው አገኘችው። ፀሐይ ጠልቃለች፣ የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ውሃው እየተንጠባጠበ አጥሩ ላይ አሰጣው።

«አበድህ? በዚህ ሰዓት ባና ይታጠባል? እንኳን ዛሬ ነገም አይደርቅ!»

«አውቄ ነው እንጂ» አለ አንገቱን እንደ ደፋ። «ያንቺው ለሁለት ይበቃን የለ?»

ሸጌ ጄሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ የማን ቤት ልጅ ተወለደ ብሎ ወጣ።