ሽቦ የሌለው ጥርስ

ባሌ በዛብህ ሐኪም ፊት አፉን መክፈት እንጂ መጠየቅ አያውቅበትም ነበር። ስለዚህ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚሠራው የጥርስ ሐኪም ዱዓሌ፣ አማርኛውን ከሱማሌኛ እየቀላቀለ፣ ሳይሰለች አስረዳኝ። ሥሩ ደህና የሆነው ጥርስ ተጠርጎ ይሞላል። እስከ ሥሩ የበሰበሰው ይነቀላል። ከዚያ ድዱ እስኪድን ተጠብቆ በሰም ልኩ ይወሰድና ሰው ሠራሹ ጥርስ ይሠራል፤ ሽቦው ከቀሩት ደህና ጥርሶች ጋር አቅፎ ይይዘዋል።

"አቦ፣ ሁለት ነገር አትርሺ" አለኝ። "ሲተኛ ያውልቀው፣ ድዱ ይረፍ። ያወለቀውን ውኃ ውስጥ አኑሪው። ከደረቀ ቅርጹ ይበላሻል፤ ወላሂ አይገባለትም።"

እኔ ደግሞ የተባልኩትን አጥባቂ ነኝ። የድሬ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ በዛብህን ጥርሱን ሳያወልቅ አላስተኛውም ነበር።

"ሚስት ነሽ ወይስ ቀበሌ?" ይለኝ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የቀበሌ ጠባቂዎች በራችንን የደበደቡት በዚያው በምሳ እንቅልፍ ሰዓት ነው። ምድር ባቡር አብሮት የሚሠራ ሰው ጠቁሞታል አሉ። ሸሚዙን እንኳ ሳይቆልፍ ወሰዱት። ደጃፉ ላይ ሊያናግረኝ ዞረና ባዶ ድዱ እንዳይታይ አፉን በእጁ ሸፈነ። ጥርሱ ብርጭቆ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፤ በምን ያኝካል? አጥሚት፣ ገንፎ፣ ፍትፍት እያደረግሁ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለስኩ። ሳህኑ ሁልጊዜ ተጠርጎ ይወጣልኛል። በላልኝ ብዬ ደስ ይለኛል። ጥርሱን ግን አናስገባም አሉኝ።

"ሴትዮ፣ ሽቦ አለው" አለ ተረኛው ጠባቂ። "በሽቦ ስንት ነገር ይሠራል!"

በሁለት መንጠቆ አብዮቱን ሊገለብጥ ነው? ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት።

ዱዓሌ ጋ ሮጥኩ። "ሽቦውን ቁረጥልኝ።"

"ያለ ሽቦ ምን ይይዘዋል እህቴ? ሲያኝክ ይወድቅበታል።"

"በእጁም ቢሆን ይይዘዋል። ቁረጥልኝ።"

ጥርሱን አገላብጦ አየው። ደክሞ የሠራው እሱ ነውና አሳዘነው። "ድድ ባዶውን ከከረመ ይሟሽሻል፤ ቶሎ ያድርገው" አለኝና ሽቦውን ቆርጦ፣ ስለቱን ሞርዶ ሰጠኝ።

በነጋታው ተረኛው ጥርሱን አገላብጦ ፈተሸና "ይሁን" አለ። እዚያው ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከበዛብህ እጅ እንዳይጠፋ በቀይ ክር ደጋግሜ ቋጠርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜም አጥንት ያለው ጥብስ ሠርቼለት ነበርና ሁለቱን አብሬ አስገባሁለት። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ብቻዬን እየሳቅሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያየኝ አበደች ይበል።

በማግስቱ ሳህኑ እንደ ልማዱ ተጠርጎ ወጣ። አጥንቱ ሳይቀር ተግጧል። ከአጥንቱ አጠገብ ጨርቁ ተቀምጧል፤ ቀዩ ክር እኔ እንደቋጠርኩት ነው።

ክሩን አየሁት፤ አጥንቱን አየሁት። "ይህን የበላው ማነው?" አልኩ።

ተረኛው መሬት መሬት አየ። "እናቴ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አለኝ።

ያኔ ይህ ቃል ሞቷል ማለት መሆኑን የማያውቅ ሰው ድሬ ውስጥ አልነበረም።

"መቼ?" አልኩት።

"ቆይቷል።"

አጥሚቱን ሁሉ ማን እንደጠጣው ያን ጊዜ ገባኝ። ጠባቂዎቹን ልረግማቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ብቻ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ክሩን ፈታሁ። ጨርቁ ደርቋል። ብርጭቆውን ውኃ ሞላሁና ጥርሱን ከተትኩት። ዛሬም ውኃውን እቀይራለሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ እንዳይደርቅ።