ሞጣ ያለው ልጅ

ከቢቸና ሞጣ ሩቅ አይደለም። በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ሞጣ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። ለአምሳለች ግን ሞጣ ከኢየሩሳሌም ይልቅ ራቀባት። አንድ ልጇ ቢያዝን እዚያ ነው፤ ሄዳ ልታየው ግን አትችልም። ታማ አይደለም፤ መንገድ ተዘግቶባትም አይደለም። ባሏ ልጃቸው ጦር ግንባር ነው ብሎ በአደባባይ ስለተናገረ ነው።

ባሏ ወንደሰን የመንግሥት ሹም ነው። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ወጣቱ ለዘመቻ ሲጠራ፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ያስለቀሰው እሱ ነበር። «እኔ የራሴን ልጅ ጓዳ ደብቄ የእናንተን ልጅ ና ውጣ የምል ሰው አይደለሁም! ቢያዝን ትናንት ዘምቷል!» አለ ደረቱን እየመታ። እናቶች እልል አሉ። አምሳለችም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አብራ እልል አለች፤ ምን ታድርግ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ግን ወንደሰን የልጁን ስም ከዘማቾች መዝገብ አሰርዞ፣ እሷ በገዛ እጇ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከታ፣ ቢያዝን ሞጣ ወደሚገኘው ወደ ሙሐመድሸሪፍ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተልኮ ነበር። ሙሐመድሸሪፍ የወንደሰን የተማሪ ቤት ጓደኛ ነው።

ልጁ እንቢ ብሎ ነበር። «የኔሰው እየሄደ እኔ ጨርቅ ልሸጥ?» አለ። የኔሰው የጎረቤታቸው የወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ልጅ ነው፤ ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንዱ ከሌላው ቤት እየበላ ነው ያደጉት። አባቱ ቢቆጣው ቢዝትበት ወይ ፍንክች አለ። እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ግን አልቻለም። ይህን አምሳለች ታውቀዋለች፤ ሰው የማያውቀው እሷ የምታውቀው ነገር ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ተመስገን ትል ነበር። ቆይቶ ናፍቆቱ መጣባት። ትቶት የሄደውን ሹራብ ሳታጥበው አስቀምጣ፣ ቤቱ ጭር ሲል ታሸተው ጀመር። አንድ ቀን ብሶባት ለማንም ሳትናገር የሞጣውን አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ግን አወቀቻት። «እትዬ አምሳለች፣ ወዴት ነዎት? የዘመተው ልጅ ደህና ነው?» ስትላት ደነገጠች። «ደህና ነው፤ ለደብረ ወርቅ ማርያም ስለት አለብኝ» አለችና ደብረ ወርቅ ላይ ወረደች። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ወደ ሞጣ ሲሄድ ቆማ አየችው፤ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ የቢቸናን መኪና ይዛ ተመለሰች። ወንደሰን ይህን ሲሰማ አበደ። «ልታዋርጂኝ ነው? ሞጣ ከታየሽ ሰው ዱካሽን ተከትሎ ይሄዳል!» አላት።

ከሁሉ የከበዳት ግን ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሯ ላይ ቆም ይላሉ። «ከቢያዝን ወሬ አለ? የእኔን አይቶት ይሆን?» ይሏታል። አንድ ቀን ፊታቸውን ማየት አቅቷት «አብረው ናቸው አሉ እኮ» አለቻቸው። ሴትዮዋ መሬት ሳሙ። ከዚያ ወዲያ «ቢያዝን ካለ የእኔም አለ» እያሉ እሷኑ ያጽናኗት ጀመር።

የየኔሰው መርዶ የመጣው በግንቦት ነው። አምሳለች ወይዘሮ ወለተ ሥላሴን አቅፋ ከልቧ አለቀሰች። ሴትዮዋ በልቅሷቸው መካከል ቀና ብለው «የአንቺስ? አብረው አልነበሩም?» ብለው ሲጠይቋት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ለቢያዝንም ስለ ጓደኛው ሞት አልነገረችውም። በስልክ «የኔሰው ደህና ነው ወይ?» ሲላት «ደህና ነው» ትለዋለች። በሁለት በኩል እየዋሸች በመሐል ቀጠነች።

ከሰኔ በኋላ ልጁ ሲደውል ከጀርባው የብዙ ወንዶች ድምፅ ይሰማት ጀመር። «ገበያ ነኝ፣ እማ» ይላታል። ከዚያ ስልኩ ጭራሽ ጠፋ። የሙሐመድሸሪፍ ሚስት ዘይዳ ጋ ስትደውል፣ አንዴ ግንደወይን ገበያ ሄዷል፣ አንዴ ስልኩ ተበላሽቷል ትላታለች። ጦርነቱ ቆመ ተባለ። ወንደሰን «እንግዲህ ከግንባር እንደተመለሰ አድርገን ትንሽ ሰንበት ብለን እናመጣዋለን» አላት። አልጋውን አነጠፈች። አምስት ወር ሙሉ እያነሳች መልሳ አነጠፈች።

አንድ ማለዳ ሙሐመድሸሪፍና ዘይዳ ከአንድ ቄስና ከሁለት ሽማግሌ ጋር ደጇ ላይ ቆሙ። ሰው ያለ ነገር በማለዳ ተሰብስቦ አይመጣም፤ አምሳለች አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቀች። ቢያዝን ሱቁን ትቶ ሞጣ ላይ ተመዝግቦ ዘምቶ ኖሯል። ተጠሪዬ ብሎ ያስጻፈው ሙሐመድሸሪፍን ስለነበር መርዶው ሞጣ ገባ። «በአላህ አስምሎኝ ነው» አለች ዘይዳ ጉልበቷን ይዛ፣ «ስመለስ ራሴ እነግራታለሁ፣ ካሁኑ ከነገርሻት ትሞታለች አለኝ። ይመለሳል ብዬ ነው። አፉ በይኝ፣ እህቴ።» አምሳለች ዘይዳን ከጉልበቷ ላይ አነሳቻት። እሷም ለልጅ ስትል ስትዋሽ የኖረች ናት፤ በምን አፏ ትውቀሳት?

ድንኳን ተተከለ። ከደብረ ማርቆስ ሳይቀር ሹማምንት በመኪና መጡ፤ የውሃ ካርቶን ተደረደረ። የሰፈሩ ሰውም መጣ፤ ልቅሶ አይቀርም መቼም። ግን ጥግ ጥጉን ይዞ ተቀምጦ፣ ሳያለቅስ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ይወጣል። አንዷ ለሌላዋ «ውጭ አገር ልከውት ሞተ እያሉን እንዳይሆን» ስትል አምሳለች በጆሮዋ ሰማች። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ግን ጭራሽ አልመጡም። አጥር ለአጥር ሆነው፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። አምሳለች ከድንኳኑ መግቢያ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ከየኔሰው ጋር ያሳደጉት እሳቸው ካላለቀሱለት ቢያዝን እንዳልተለቀሰለት ነው የቆጠረችው። ሹማምንቱ ሁሉ ቀርተው እሳቸው ብቻ በመጡልኝ ብላ ተመኘች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ሰው መጡና ድምፅ ማጉያ ቀረበ። ወንደሰን የልጁን ፎቶግራፍ ይዞ ተነሳ። እውነት ለመናገር ልጁን ይወደው ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ ልብሱ ሰፍቶታል፣ ዓይኑ አብጧል። ድምፅ ማጉያውን ሲጨብጥ ግን ወገቡ ቀና አለ። «ልጄ ግንባር ነው ስላችሁ ያላመናችሁኝ ነበራችሁ» አለ። ፎቶግራፉን ከፍ አደረገ። «ይኸው!»

አምሳለች ከተቀመጠችበት ተነሳች። የልጅ እናት በሠልስት ከድንኳን ወጥታ አትሄድም፤ ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ። እጃቸውን አስለቅቃ ወጣች። እሱም ከፍሏል፣ አልከፈለም የሚለው የለም። ግን የከፈለውን እንኳ ንግግር አደረገው፤ ልጇንም እንደ ማስረጃ አነሳባት። ያን ሰዓት ባሏን ማየት አስጠላት።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለመምጣት እንደተዘጋጀ ሰው ናቸው፤ ግን አልተነሱም።

«ሦስት ቀኔ፣ እንዲህ ለብሼ» አሉ ሳይጠየቁ። «እግሬ እንቢ አለኝ።»

አምሳለች መሬቱ ላይ ተንበረከከች። «ዋሽቼዎታለሁ፣ እትዬ። አብረው ናቸው ስልዎት ልጄ ሞጣ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ቢጠሉኝ አይፈረድብዎትም። ግን ለእሱ ያልቅሱለት። እሱ እርስዎን አልበደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «አይቼዋለሁ።»

አምሳለች ቀና አለች።

«የየኔሰው አርባ እንደወጣ ሞጣ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ቀና ስል ቢያዝን ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እግዜር ምስክሬ ነው። የእኔም ከኋላው ብቅ የሚል መሰለኝ። አብረው ናቸው ብለሽኝ ነበራ! ከዚያ ልቤ ሲመለስ፣ የኔሰውን የት ጥለኸው መጣህ? አልኩት።» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «መሞቱን አላወቀም ኖሯል። ማንም አልነገረውም። ጨርቁን እየለካ ነበር፣ እጁ ቆመ። ቆርጦ፣ አጣጥፎ ሰጠኝና እጄን ሳመኝ። በሦስተኛው ቀን ሄደ አሉ። ባልሽ ያን ሁሉ ጮኾ ያልላከውን ልጅ እኔ በአንድ ቃል ላክሁት፣ አምሳለች። ምን ብዬ ድንኳንሽ ልግባ?»

አምሳለች ደሟ ፈላ። ለቅጽበት ያን ነጠላ ይዛ ልትጎትተው እጇ ተነሳ። እጇ ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ሌላ ሐሳብ መጥቶባት ነበር። ይህች ሴት ልጇን አይታዋለች። እሷ አውቶቡስ ወርዳ መንገድ ዳር ያለቀሰችለትን ልጅ፣ ይህች ሴት ፊት ለፊት ቆማ አይታዋለች፣ አነጋግራዋለች፣ እጇን ሰጥታዋለች።

«ከስቶ ነበር?» አለች።

«ማን?»

«ቢያዝን። ሲያዩት ከስቶ ነበር?»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «አልከሳም። ትከሻው ሰፍቶ ነበር። ጢም አብቅሎ።»

«ጢም?» አምሳለች የገዛ አገጯን ያዘች። ቢያዝን ከቤቷ ሲወጣ ጢም የሚባል አልነበረውም። «ቢያዝኔ ጢም አብቅሎ ነበር?»

«አዎ፣ ትንሽ ቀላ ያለ። የአያቱን የመሰለ።»

በአጥሩ ማዶ ድምፅ ማጉያው «የጀግናው እናት ወደ መድረክ ትምጣልን» እያለ ይጣራል። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ሦስተኛም ጠራ። አምሳለች አልተነሳችም። ተስባ ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አጠገብ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የሴትዮዋን ቀኝ እጅ፣ ልጇ የሳመውን፣ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«እትዬ» አለች፣ «ሱቁ ሲገቡ ካለው ጀምረው ይንገሩኝ። ምን ለብሶ ነበር?»