የጌም ቤቱ ቀበቶ

«ቀይ አድርገው!» አለ ክንዴ ከጠረጴዛው ሥር ተንጋሎ።

ምሥጋናው ሪሞቱን ተጫነ። በጠረጴዛው ጠርዝ ሥር የተለጠፈው ቀጭን ጥብጣብ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተለወጠ፤ የክንዴ ግንባርም፣ ጢሙም፣ በጥርሱ የያዘው መቀስም አብረው ቀሉ።

«ሰማያዊ!»

ሰማያዊ ሆነ።

«በል አሁን ደግሞ እንደ ፈለገው ይፈንጭ።»

ምሥጋናው እየሳቀ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነ። መብራቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ እያለ በአራቱም ጠረጴዛዎች ሥር ይሯሯጥ ጀመር። ከዚያ ድርግም አለ። ኮምፒውተሮቹም አብረው ጠፉ።

«እረግ! ደግሞ ሄደ?»

«መብራቱስ አልሄደም፤ ፊውዙ ነው» አለ ክንዴ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ከበሩ በላይ ያለውን ሳጥን ከፈተ። የነደደውን ፊውዝ አወጣ። ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ መዝዞ ላስቲኩን በጥርሱ ላጠ፤ ሦስት የመዳብ ክር ለይቶ ፊውዙ ላይ ጠመጠመና መለሰው። «ከእንግዲህ እንኳን ይቺ፣ ወፍጮ ብትሰካበት አይጠፋም» አለ።

እውነቱን ነው፣ አይጠፋም። ክፋቱም እሱ ላይ ነው። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት ከማቃጠሉ በፊት እሱ ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። ክንዴ ይህን አጥቶት አይደለም፤ ሃያ ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራ የበላ ሰው ነው። ግን ፊውዙ ሁለት ጊዜ የጠፋበት ደንበኛ «ክንዴ ድሮ ቀረ» ብሎ ለሌላ ሠራተኛ ይደውላል። ስለዚህ መዳብ ይጠመጥማል። እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አልሆነም ነበር፤ ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ትክክል ይመስላል።

ቤቱ የእትዬ ገበያነሽ ነው። የፊቱን ክፍል ለምሥጋናው አከራይተው እርሳቸው በችፑድ ጣውላ ከተከፈለው ግድግዳ ጀርባ ይተኛሉ። ይተኛሉ ሲባል ውለው ያድራሉ ማለት ነው፤ ወገባቸው ከተያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ምሥጋናው ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ካምፕ ለቱሪስት ሲያበስል የኖረ ሰው ነው። ቱሪስቱ ሲቀር ድንኳኑንና ድስቱን ሸጠ፣ አራት አሮጌ ኮምፒውተር ከጎንደር አመጣ፣ ጌም ቤት ከፈተ። ለቅዳሜ የኳስ ጌም ውድድር ጠርቷል። ተጫዋቹ ተቀምጦ የጠረጴዛውን ቀለም በሪሞት ራሱ ይመርጣል፤ አርሰናል ከሆነ ቀይ፣ ቼልሲ ከሆነ ሰማያዊ። ጠረጴዛው ብቻ አልበቃውም፤ ጥብጣቡ በግድግዳው ወጥቶ ኮርኒሱን ይዙርልኝ አለ። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነው።

ምሥጋናው «ስትሪፕ ላይት» ይለዋል። ክንዴ «ቀበቶው» ነው የሚለው። ከዚህ በፊት ሦስት ቤት ቀበቶ አስታጥቋል፤ ሁለቱን እዚሁ ደባርቅ፣ አንዱን ዳባት፣ የአንሙትን ፀጉር ቤት።

የሐምሌ ጉም በተከፈተው በር ሰተት ብሎ ይገባል። ከጉሙ ውስጥ ዓለምብርሃን ብቅ አለ፤ የጎንደር መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። ምሥጋናው ከጎንደር ያዘዘውን አንድ ጥቅል መብራት በፌስታል አንጠልጥሏል።

«እንካ ዕቃህን» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የዳባቱን ሰማችሁ አይደል?»

«ምኑን?» አለ ምሥጋናው።

«የአንሙት ፀጉር ቤት ዛሬ ጠዋት ተቃጠለ። ወንበር የለ፣ መስታወት የለ። ጎኑ ያለው የእህል መጋዘን በስንት መከራ ነው የተረፈው።»

ክንዴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰው ተጎዳ?»

«ሰውስ ደኅና ነው፣ እግዜር ይመስገን። ቤቱ ተዘግቶ ነው ያደረው። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ ጎሕ ሲቀድ መጣ፤ ወዲያው ጭስ ታየ ይላሉ።»

«መብራት ሲመጣ?»

«ኧረ የምን መብራት! ሰጠኝ የሚባለው ልጅ ነው። አብሮት ፀጉር የሚቆርጠው፣ ያ ረጅሙ። ባለፈው ሳምንት ተጣልተው አንሙት አባረረው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ‹ይህን ቤትህን እሳት ይብላው!› ብሎ ረገመው። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ይኸው በላው። ጠዋቱን ፖሊሶች እጁን ይዘው ወሰዱት።»

ምሥጋናው አማተበ። «አፍ እኮ ነው ሰውን የሚያጠፋው» አለ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና አልተነሣም። በዚያ ዓመት እሳት ዝም ብሎ እሳት አይባልም ነበር። ቤት ከተቃጠለ ያቃጠለ ሰው መኖር አለበት፤ ያቃጠለ ሰው ካለ ደግሞ የላከው አለ ይባላል። ሰጠኝ ለንዴቱ የተናገራት አንዲት ቃል ወዴት ወዴት ልትሄድ እንደምትችል ክንዴ ለማሰብ ፈራ።

ዓለምብርሃን «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር እመለሳለሁ፣ ዕቃ የምትልኩ ካላችሁ» ብሎ ወጣ። ክንዴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ማለት መዶሻውን አነሣ፤ አዲሱን ጥቅልም ኮርኒሱ ላይ አዞረ። ልቡ ግን ዳባት ነው ያለው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የአንሙትን መስታወት ዙሪያውን ቀበቶ አስታጠቀው። ያን ቀንም ፊውዙ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ያን ቀንም መዳብ ጠመጠመ። ሲወጣ ደግሞ አንሙትን እንዲህ አለው፤ «ማብሪያውን አታጥፋው። መብራት ሲመጣ በመስኮቱ ታየዋለህ።»

ይህን ማን የማያደርግ አለ? መብራት ሲጠፋ አንድ አምፖል ማብሪያው ሳይዘጋ ይተዋል፤ ሲበራ «መጣ!» ይባላል፣ ስልክ ይሰካል፣ ምጣድ ይጣዳል። ሁለት ቀን ጠፍቶ የሰነበተ መብራት ሲመለስ ግን እንደ ደራሽ ውኃ ነው፤ ደካማውን ከብርቱው ሳይለይ ነው የሚመጣው። የአንሙት ቀበቶ የተሰካበት አዳፕተር ርካሽ ነበር። ፊውዙ መዳብ ነበር። ማብሪያው ክፍት ነበር፣ ክንዴ ባለው መሠረት።

«ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል» አለ ለራሱ። ጎንበስ ብሎ የምሥጋናውን አዳፕተር ዳሰሰ። ከበራ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፤ አቃጥሎት እጁን አሸሸ። ፕላስቲኩ ለስልሶ በጥፍር ይበሳል። ከዚያ በኋላ «ምናልባት» የሚለው ቃል አፉ ላይ አልመጣለትም።

ለምሳ ቤት ሲገባ እሌኒን ድንች ስትልጥ አገኛት። ሚስቱን የሚደብቃት ነገር የለውም፤ በሩን ዘግቶ ነገራት። ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ ሰማችው።

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ተወው። ዝም አይነቅዝም።»

«እሌኒ፣ ሰውየው ታስሯል።»

«ቢታሰር ይፈታል። ማስረጃ የለበት! ምን ቆርጦት ነው ደሞ የሰው ቤት የሚረግመው?»

«በዚህ ዓመት ነው የሚፈታው? በዚህ ዓመት ማን ቶሎ ተፈታ?»

ድንቹን ውኃው ውስጥ ጣለችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሦስት ልጆች አሉህ እኮ! አንተ ‹እኔ ነኝ› ስትል ‹ጎሽ፣ እውነተኛ ሰው› ብለው የሚሸኙህ መሰለህ? ‹ማን ላከህ› ነው የሚሉህ። ከዚያስ? ደባርቅ ላይ አንድ አምፖል የሚያስቀይርህ ይኖራል?»

ያለችው ሁሉ ልክ ነው። የቀረበለትን ሳይነካ ተነሣ። በመንገድ ላይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣለትና ትንሽ ቀለል አለው። የምሥጋናውን ቤት ማስተካከል! መዳቡን አውጥቶ ደኅና ፊውዝ መክተት፣ ሌሎቹንም ቤቶች እንዲሁ በጸጥታ ማዳን። ከዛሬ ወዲያ ሰው የማይጎዳ ከሆነ ያለፈውን ማንሣት ምን ያደርጋል? ሰጠኝንም እግዜር ያውቅለታል።

ጌም ቤቱ እንደ ደረሰ ሳጥኑን ከፍቶ መዳቡን ነቀለ። ከሱቅ የገዛውን አዲስ ፊውዝ ከተተ። ሁሉም ሲበራ ፊውዙ ተቃጠለ፤ ሌላ ሲከት እሱም ተቃጠለ። ኮርኒሱ ላይ የዞረውን ቆርጦ ሲጥለው ብቻ ፊውዙ መቃጠሉን ተወ።

ምሥጋናው ከውጭ ሲመለስ የተቆረጠው ጥብጣብ መሬት ላይ ተጠቅልሎ አገኘው።

«ምን እያደረግህ ነው ጋሼ ክንዴ? ለቅዳሜ ሰው ጠርቻለሁ እኮ! አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ነው ያስወራሁት!»

«አይችለውም። ጭነቱ በዛ።»

«ጠዋት ወፍጮ ይችላል አላልክም?»

«ጠዋት የተናገርኩት ስሕተት ነው።»

«ምሥጋናው!» የሚል ድምፅ ከችፑዱ ጀርባ መጣ። እትዬ ገበያነሽ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ያን ባለ ቀለሙን እንዳታጠፋብኝ። በስንጥቁ ይታየኛል። ከእንግዲህ ማታ መብራት ሲሄድ ዓይኔን እሱ ላይ ጥዬ ነው የማድረው፤ ሲመጣ አውቃለሁ።»

ክንዴ ባለበት ደርቆ ቀረ። ይህን ትናንት ለእርሳቸው የነገራቸው ራሱ ነው፤ ደስ ይበላቸው ብሎ። ችፑዱን፣ ከረጢቱን፣ የአልጋቸውን ልክ ዓይኑ ለካው። ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ይሆናል። እርሳቸው አንዱንም አይራመዱም።

«ክንዴ ነህ እዚያ ያለኸው?» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «ና እስቲ። የዳባቱን ሰማህ?»

በትንሹ በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«ሰማሁ እትዬ።»

«እርግማን ነው አሉ ያቃጠለው። እውነት ነው?»

«እርግማን ቤት አያቃጥልም።»

«አይ ልጄ፣ ያቃጥላል። የልጁን እናት አውቃታለሁ፤ ሲወስዱት ከኋላው እየሮጠች ‹አፉ ነው እንጂ እጁ አይደለም› ስትል ነበር አሉ። ማን ይሰማታል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እርግማን ካልሆነ ታዲያ ምን አቃጠለው?»

ክንዴ አልጋው አጠገብ ቆሞ እጆቹን አየ። ጣቶቹ ላይ የጠዋቱ መዳብ የጫረው አለ። ይህች አሮጊት ምን ልታደርገው? ፖሊስ አይደሉም፣ ዳኛ አይደሉም። የማይነሡ ሴት ናቸው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፉ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«የአንሙትን መብራት የሠራሁት እኔ ነኝ። አበላሽቼ ነው የሠራሁት። የእርስዎንም ቤት እንዲሁ ሠርቼው ነበር፤ አሁን ነው ያፈረስኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ገበያነሽ ከጋቢው ሥር እጃቸውን አውጥተው ችፑዱን ነካ አደረጉ፣ ሙቀቱን እንደሚያዩ ሁሉ። «እኔ እኮ መነሣት አልችልም ክንዴ» አሉ።

ሲወጣ ምሥጋናው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁሉን ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይህን ቃል ከዚህ ቤት እንዳታወጣው» አለ በሹክሹክታ። «በሞቴ! ‹ዳባትን ያቃጠለው መብራት ደባርቅም አለ› ከተባለ ነገ መጥተው ቤቱን ያሽጉብኛል። እትዬ አይናገሩም፣ እኔም አልናገርም። ለቅዳሜ ጠረጴዛው ብቻ ይበራ፣ ይበቃኛል። በቃ፣ አለቀ።»

«እሺ» አለ ክንዴ። እሺ ማለት ቀላል ሆኖ አገኘው። መሣሪያውን በቦርሳው ከተተ። ምሥጋናው የሠራበትን ሲከፍለው «ተወው» ብሎ መለሰለት።

ከውጭ ጉሙ መንገዱን ጨርሶ ውጦታል። ቤቱ በቀኝ ነው፣ መናኸሪያው በግራ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ግራ ሄደ። የዓለምብርሃን ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ አገኘውና ጋቢና ገባ።

«ወዴት ነው በዚህ ጉም?» አለው ዓለምብርሃን።

«ዳባት።»

በመንገድ ላይ ደባርቅ ላሉት ለሁለቱ ደንበኞቹ ደወለ። «ያን መብራት ንቀሉት፤ ዛሬውኑ ንቀሉት» አላቸው። ለምን ሲሉት ስልኩን ዘጋ። ቀጥሎ እሌኒ ደወለች፤ እስኪቆም ጠራ። ደግማ ደወለች፤ እሱም እስኪቆም ጠራ። ዓለምብርሃን ስለ ጉሙ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ያወራል። ክንዴ አንዱንም አልሰማም።

ዳባት ሲገቡ ጉሙ ሳሳ። ከመንገዱ ዳር የጠቆረ ግድግዳ ታየ፤ ጥቂት ሰዎች ጋቢ ተከናንበው አንሙትን ከበው ተቀምጠዋል። ዓለምብርሃን ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ልታጽናናው ነው የመጣኸው አይደል? ይኸው፣ እዚህ ልጣልህ።»

ከተቀመጡት አንዱ ሚኒባሱን አይቶ እጁን አነሣ። ክንዴን ያወቀው መሰለ። መውረድ ይችል ነበር። «እግዜር ያጽናህ» ብሎ፣ አብሮ ተቀምጦ፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ መመለስ ይችል ነበር።

«እዚህ አይደለም» አለ ክንዴ። «አለፍ በል። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ነው የምወርደው።»