ሦስት ጊዜ የተሳበው ቱቦ

ዓይኔን ሳልገልጥ አየር የሚገፋውን የኮምፕሬሰር ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ዱግ ዱግ ሲል ቆይቶ ትንፋሽ እንዳጠረው ሽማግሌ ማንኮራፋት ጀመረ። ስነቃ ማዕበሉ ጀልባዋን አዙሯታል፤ አየር የሚወስደው ቢጫ ቱቦ ከጎኗ የተዘረጋው የቀርከሃ ክንፍ ላይ ተጠምጥሞ ይወጠራል፣ ይላላል። ሌላኛው ጫፍ ከታች፣ ዓሣ ሊወጋ የወረደው ጋሼ ሴልሶ አፍ ውስጥ ነው።

ሥራዬ ያንን ቱቦ በጣቶቼ ይዤ መቀመጥ ነበር። አንዴ ብስብ «ደህና ነህ?» ማለት ነው፤ እሱም አንዴ ስቦ ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ከሳብኩ «ውጣ» ነው። እኔ ግን ደመና እያየሁ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ሞተሩን አስተካክዬ ሳልጨርስ ጋሼ ብቅ አለ። የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ብዙ ቆየ። ከረጢቱ ባዶ ነው።

«ሩፎ፣ ዛሬ እዚያው ታች ልቀር ነበር።»

«ምን ማለትህ ነው ጋሼ?»

«የሰማኸውን ነዋ። ሚስቴን ፔርላን አውሎ ነፋሱ ከወሰደብኝ ጀምሮ አስበው ነበር፤ ዛሬ ቆርጬ ወረድኩ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ሳብከኝ። ይሄ እንቅልፋም እንኳ ገብቶታል አልኩ። የሚጠብቀኝ ሰው አለ አልኩ።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? አንሣኝ እንጂ።»

አነሣሁት። እውነቱን ግን አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ስንበላ ምርጡን ክፍል፣ የዓሣውን ሆድ፣ ለእኔ ይተውልኛል። የኮኮናት ጠጅ የምትሸጠው ኦርቢታ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ «የዚህ ልጅ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው፤ እጁ ግን ቱቦው ላይ ነው» ይላል።

«ይሄ?» ትላለች ኦርቢታ። «ይሄማ የገዛ አፍንጫውንም አይጠብቅ!»

ሁሉም ይስቃል። እውነት የተናገረችው እሷ ብቻ እንደሆነች አውቃለሁ። ብነግረው የያዘው ክር ይበጠሳል ብዬ እፈራለሁ። ዝም ስል ደግሞ እያንዳንዱን ጉርሻ የሰረቅኩት ይመስለኛል። እሱ በወረደ ቁጥር ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ቱቦውን መያዝ ጀመርኩ፤ ያ ግን ያለፈውን አላጠፋልኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ምሳ እየበላን ሳለ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ አልሳብኩህም። ተኝቼ ነበር። ማዕበሉ ነው።»

ማኘኩን አላቆመም። ከአፉ አጥንት አወጣና አሸዋው ላይ ጣለ።

«ተኝተህ።»

«አዎ። ይቅር በለኝ።»

«ዛሬ ጠዋት አራት ጊዜ "ደህና ነህ" ብለኸኛል። እሱስ ማዕበል ነው?»

«አይ። እሱ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ሁሉ እኔ ነኝ።»

«ነዝናዛ» አለ።

ሩዙን ጨረሰ። ሳህኑን በባሕሩ ውኃ አለቅልቆ አጠገቤ ደፋው። ከዚያ ተነሣ፤ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወደ ጀልባዋም ወደ ቤቱም ሳይል፣ በኮኮናት ዛፎቹ መካከል ሽቅብ ወደ አውራ ጎዳናው ሄደ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላወቅኩም፤ ጀርባውን ግን ለባሕሩ ሰጥቶ ነበር።