ተስኒም የወተፈችው ቱቦ

እናቴ ትሙት፣ በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ያላመነኝ እሪ በከንቱ ወርዶ ይጠይቅ፤ "አላውቅም" የሚል ካጋጠመው ያ ሰው የሰፈሩ ልጅ አይደለም።

ተስኒም እስከ ጉልበቷ ወንዙ ውስጥ ቆማ፣ ጭቃ የጠገበ ማዳበሪያ ከረጢት ቱቦ ውስጥ በእግሯ እየረገጠች ትወትፋለች። ቱቦው ዳገቱ ላይ ካሉት ግቢዎች የሽንት ቤቱንና የእጣቢውን ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ የሚለቅ ነው። ከሁሉም ዝቅ ብሎ ያለው ግቢ የራሷ ነው፤ የተወለደችበት።

"ጠበቅ አድርጊው እንጂ! የሕፃን ጡጦ የምትከድኚ መሰለሽ?" አላት የጽዳት ቡድኑ አለቃ ገብረሕይወት፣ ከዳር ሆኖ።

"ጋሽ ገብረሕይወት፣ ወደ ላይ ቢመለስስ?"

"የምረቃው እንግዶች ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነስተው እስኪሄዱ ነው። ከዚያ ትነቅይዋለሽ። ግቢያችሁ እስከዚያ ሽንቱን መያዝ ያቅተዋል?"

አብረዋት የሚያጸዱት ሴቶች ሳቁ። ተስኒምም ሳቀች። በማግስቱ ቋሚ ሠራተኛ የሚሆኑት ይለያሉ ተብሏል፤ በአለቃው ቀልድ ያልሳቀ ሰው ደግሞ ቋሚ ሲሆን ታይቶ አይታወቅም። ቋሚ መሆን ማለት ለእሷ የእናቷን መድኃኒት ሳያቆራርጡ መግዛት ነው። እናቷ ዐፊፋ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ሰንብቷል።

ለወንዙ ጽዳት የተበጀተው ገንዘብ ድልድዩ አጠገብ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፏል። ዜሮው ከመብዛቱ የተነሳ ሰሌዳው ጠብቦት፣ የመጨረሻዎቹ ወደ ምሰሶው ወርደው ነው የተጻፉት። በገንዘቡ አግዳሚ ወንበር ተተከለ፣ መብራት ተደረደረ፣ ዘንባባ መጣ፣ ፏፏቴ ተሠራ። የሰፈሩን ፍሳሽ የሚሰበስበው መስመር ግን ለቀጣዩ ምዕራፍ ተላለፈ። እስከዚያው ከረጢት አለ። ዳክዬም አለ፤ ውኃው መጽዳቱን እንዲመሰክሩ የመጡ ዳክዬዎች፣ ጠልተውት እንዳይወጡ እግራቸው በሲባጎ ከድንጋይ ጋር ታስሯል።

እንግዶቹ ዘገዩ። በዚህ መሐል ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ፤ ውኃ መጣ። የሰፈሩ ፈረቃ አልነበረም። ለፏፏቴው ሲባል የውኃ መስመሩ ቢከፈት ጊዜ ነው ለግቢዎቹም የደረሳቸው። ውኃ ከጠፋ ሰንብቶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ለአዲስ አበባ ሰው ይነገራል እንዴ? በርሜሉ ይሞላል፣ ባልዲው ይሞላል፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል፤ የከረመ ልብስ ይታጠባል፤ እጣቢው ይደፋል።

የተስኒም ስልክ ጮኸ። ጎረቤቷ ሰልዋ ናት።

"ተስኒሜ! ሽንት ቤቱ ገነፈለ! እናንተ ቤት ገብቷል!"

"እማዬስ?"

"መሬት ፍራሹ ላይ ናታ! በመስኮት እያየኋት ነው። ቆልፈሽባት ሄደሽ! ኑሪ በሩን በመዶሻ እየደበደበው ነው፣ ብረት አይደል፣ እምቢ አለው።"

ሌባ ስለምትፈራ ሁልጊዜ ከውጭ ትቆልፋለች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው።

"ቧንቧውን ዝጉት!"

"የእኛንማ ዘጋን። የላይኞቹን ማን ይዝጋቸው? ኧረ ፍራሹን አለፈው!"

ከሰልዋ ድምፅ ኋላ የዐፊፋ ኮልታፋ ድምፅ ይሰማል።

"ምንድን ነው የምትለው?"

"'ልጄን ሥራ አታስፈቷት' ነው የምትለው" አለቻት።

ከታች በኩል የእንግዶቹ መኪኖች ደረሱ። ጭብጨባ ተሰማ። ተስኒም ወደ ቱቦው ስትዞር ገብረሕይወት ሱሪውን ሳይሰበስብ ውኃው ውስጥ ገባ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"እናቴ ፍሳሽ ውስጥ ተኝታለች።"

"ሪባኑ ተይዟል እኮ! ትንሽ ብቻ ታገሺኝ። እባክሽ እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።" አሁን አልቀለደም።

ተስኒም ብርቱካንማ የሥራ ሰደሪያዋን አወለቀች። አጣጥፋ ድንጋይ ላይ አኖረችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከረጢቱን በሁለት እጇ ሳበችው።

ቱቦው አስነጠሰ። ፍሳሹ ደረቷን መትቷት አለፈ፤ ነጫጮቹን ዳክዬዎች አጥቁሮ ቁልቁል ወረደ፤ ወንዙ ዳር ሪባን የያዙትን ትልቅ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነከራቸው። ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ነው መኪና የገቡት።

ተስኒም ይህን አላየችም። ቁልፉን ጨብጣ ዳገቱን እየወጣች ነበር። ከጎረቤቶቹ ከነኑሪ ጋር ሆነው እናቷን ከነፍራሹ ተሸክመው ሲያወጧት፣ ዐፊፋ መጀመሪያ የጠየቀችው "ሥራሽስ?" ብላ ነው።

እንግዲህ በእናቴ ስለማልኩ አንዷን ነገር እሷ ሳትሰማ ላርማት። የትልቁ ሰውዬ ጫማ አልተነከረም። እሷን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ፍሳሹ ከነሱም አንዱን ቢነካው ደስ ስለሚለኝ። እነሱ ጋ ሲደርስ ፎቶው አልቆ፣ መኪኖቹ ሄደዋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ሰደሪያውንም አሁን ሌላ ሴት ለብሳዋለች፤ ባለፈው ሳልፍ ቱቦውን ስትወትፍ አይቻታለሁ።