የታሸገው ሣጥንና አሮጌው ጉድጓድ

ያዝ፣ ያዝ እንጂ፣ ቀስ እያልክ ልቀቅ፣ ልጄ ነው እኮ ከታች ያለው፣ የእህል ከረጢት አይደለም፣ አዎ እንዲህ፣ ገመዱ መዳፌን ይበላኛል፣ ይብላኝ፣ ኢሳኮ ታች ደርሷል፣ ራሱ አይታየኝም፣ አካፋው ሲጭር ብቻ እሰማለሁ፣ አሸዋም ከግድግዳው ሲንሸራተት። ሸርተት። ዝም። ሸርተት። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

ግመሎቹ ቆመዋል። አይጮኹም። ግመል ሲጮህ ገና ጉልበት አለው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው፣ የወዳጄ የኡሙሮ ነጯ ግመል ትናንት ተንበረከከች፣ በዚያው ቀረች፣ ለሰው የሚሆን ውሃ በቦቴ መጥቶልናል፣ ለግመል ቦቴ የሚልክ የለም።

ያ ደግሞ እዚያ ያበራል፣ የውሃ ፓምፑ ሶላር፣ ከቻልቢ በረሃ አሸዋ መሀል ቆሞ ያበራል፣ ምንም አይሠራም ግን ያበራል፣ ዓይን ያማል፣ ሰሌዳው ደህና ነው አለች ልጄ ዳራሬ፣ መሬት ውስጥ ያለው ፓምፕም ደህና ነው፣ የሞተችው ሣጥኗ ናት፣ ከሳሙና ካርቶን የማትበልጥ ግራጫ ሣጥን፣ ከፀሐዩ ተቀብላ ለፓምፑ የምትሰጥ እሷ ናት፣ እሷ ከሌለች ሁለቱ አይተዋወቁም፣ እንዲህ ነው ያስረዳችኝ፣ ማርሳቢት ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራለች፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይህ ግን ገባኝ።

ልክፈታት አባ። አትክፈቻት። ለምን አባ። ፓምፑን የሰጡን ሰዎች ማሸጊያ አለባት፣ የውሃ ኮሚቴው ከልክሏል። የሰጪው ድርጅት ቢሮ ሰው በስልክ፣ ጌታዬ፣ ማሸጊያው ከተነካ ዋስትናው ይፈርሳል፣ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም፣ ባለሙያው የሚመጣው ከውጭ አገር ነው፣ መለዋወጫውም እንዲሁ፣ በትዕግሥት ይጠብቁ። በትዕግሥት። እስቲ ለግመሎቹ ንገርልኝ ልለው ነበር። ወሬ አላበዛም። ለሁለታችንም የሚያወራ ኡሙሮ ነው፣ እኩያዬ፣ አብሮኝ የተገረዘ፣ ካቴሎ፣ አለኝ በስሜ ጠርቶ፣ ይቺ ሣጥን ሙሽራ ናት እንዴ፣ ማንም አይንካት፣ ማንም አይያት፣ ባሏ ባሕር ማዶ፣ እኛ እዚህ ዘበኞቿ! ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ነጯ ግመሉ ገና ቆማ ነበር።

ሳብ! ባልዲው ወጣ። አሸዋ፣ ደረቅ፣ ውሃው ገና ነው። ይደፋ።

ዘፈኑ የለም። በዚህ ጉድጓድ ሰው ሲወርድ ይዘፈን ነበር፣ ጎልማሶቹ በግድግዳው እርከን ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ፣ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ የሚወጣው በዘፈኑ ነው፣ ታች ያለው ሰው ዘፈኑ ሲዛነፍ ሰምቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ከላይ አንድ ነገር እንደሆነ ያውቃል፣ ፓምፑ ከመጣ ወዲህ ግን ማን ይዝፈን፣ ከዝናብ በኋላ ግድግዳውን በጭቃና በግራር ቅርንጫፍ መጠገኑም ቀረ፣ ውሃ በቧንቧ እየመጣ ማን ጉድጓድ ይጠግናል፣ ዛሬ እርከኑ ላይ የቆሙት ጎረምሶች አንድም ስንኝ አያውቁም፣ አንዱ፣ አባባ፣ ከስልኬ ዘፈን ልክፈትልዎት፣ አለኝ። አልሰደብኩትም። እሱ ምን ያድርግ፣ ማን አሳየው።

ፓምፑ የተመረቀ ቀን ድንኳን ተተክሎ፣ ከናይሮቢ የመጣው ሰው በዚያ ሙቀት ኮቱን ሳያወልቅ፣ ክቡራን ሽማግሌዎች፣ ታዳጊ አገሮች ብሔራዊ የፈጠራ ሥርዓታቸውን ሲያጠናክሩ የአየር ንብረት ለውጥን በራሳቸው ቴክኖሎጂ ይቋቋማሉ፣ አለ፣ አስተርጓሚው ላቡን ጠረገ፣ ውሃ መጥቶላችኋል ነው የሚለው፣ አለን። አጨበጨብን። ውሃው ጣፋጭ ነበር፣ አልዋሽም። ዳራሬ ግን በራሳቸው የምትለዋን ቃል ይዛ ሄደች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኮሌጁ ግቢ ውስጥ እንደዚያች ያለች ሣጥን ሠሩ፣ ፓምፕ ስታንቀሳቅስ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ናይሮቢ ወሰዷት፣ የውሃው መሥሪያ ቤት ይህ የኃይል ጉዳይ ነው አለ፣ የኃይሉ የአካባቢ ጥበቃ ነው አለ፣ የአካባቢ ጥበቃው፣ እህቴ፣ ሐሳብሽ ግሩም ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈተሽበት ቦታ ግን አገራችን ውስጥ የለም፣ ውጭ ይላክ። በምን ይላክ። ሣጥኗን መጋዘን አስገቧት፣ እዚያው ቀረች። እኔ የተራ አባት ነኝ፣ ማን ቀድሞ ግመሉን ያጠጣ ማን ይከተል የምል፣ ከማይገቡኝ ቃላት ሥርዓት የምትለዋን አውቃታለሁ፣ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይጠግናል፣ አንዱ ለታናሹ ያሳያል፣ መሀል ያለው እጁን ካጠፈ ባልዲው ይወድቃል፣ ታች ባለው ሰው ራስ ላይ።

ሸርተት። ይሄኛው ረዘመ።

ዳራሬ መጣች፣ እየሮጠች፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ ሣጥኗ በእጇ፣ ተከፍታለች። ጠዋት ወንድሟ ገመዱን ወገቡ ላይ ሲያስር አይቼ ክፈቻት አልኳት፣ ኮሚቴው ጮኸ፣ ይጩህ፣ ከተጠገነች ልጄን አወጣዋለሁ ብዬ ነው። አባ። ምን። ይዩት። አየሁ። ጥቁር። እንደ ሬንጅ ያለ ነገር ፈስሶባት ደርቋል፣ ሽቦ የለ ምን የለ፣ ሁሉም ተቀብሯል፣ የሠሯት ሰዎች ያፈሰሱባት እንዳንማርባት ነው አባ፣ ብፍቀው ሽቦው ሁሉ አብሮ ተነሳ፣ አለች። ከኮሚቴው አንዱ፣ ተናግሬ ነበር፣ አሁን ማሸጊያውም ተቀደደ፣ እስቲ ማን ይመጣልሃል፣ አለ። ማንም አይመጣም። ኡሙሮ ሣጥኗን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጣት።

እንግዲህ የቀረን ይህ ጉድጓድ ነው። ግመሎቹ ካለቁ ወተት የለም፣ ወተት ከሌለ ሕፃናቱ፣ አልጨርሰውም፣ ይህን አልጨርሰውም፣ ወንድ ልጄ አንድ ነው፣ ሸርተት፣ አሁን ከሁለት ወገን ነው፣ እርከኑ ላይ ያሉት ወደ ላይ ያዩኛል፣ ዓይናቸው ነጭ ነው፣ ውጡ እናንተ፣ ውጡ፣ ኮሚቴው ምን ይላል፣ ምን አገባኝ፣ ዛሬም ተራ የምለው እኔ ነኝ፣ ይውጣ፣ ግመሎቹ ይሙቱ ይውጣ፣ ሳቡ! ዳራሬም ገመዱን ያዘች፣ ኡሙሮም፣ ኢሳኮ! ተው ልጄ፣ ውጣ! ግድግዳው እየተናደ ነው! አካፋው ዝም አለ፣ እንስባለን፣ ገመዱ አይመጣም፣ እሱ ነው ከታች የያዘው፣ ወደ ታች የሚስበው፣ አሸዋው አሁን አያቋርጥም፣ ይፈሳል፣ በዚያ መሀል ድምፁ ይመጣል፣ የሚስቅ ይመስላል፣ አባ፣ አይጎትቱኝ፣ እግሬ ረጠበ።